ልጅን ለእንግሊዝኛ ውጭ መላክ፦ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ደብዳቤ መልኩ ይቀየራል። ወላጆች ስለ ጉዞ መጠየቅ ይጀምራሉ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በቡድን መሪነትም ወጣቶችን ይዤ ሄጃለሁ። ስለዚህ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከክፍል ሲወጡ ምን እንደሚያደርጉም አይቻለሁ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የብዙ ሰው ጥያቄ ይሆናሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ሰዋስው ላይ ጎበዝ ነው፤ ፈተና ላይም ጥሩ ያመጣል። ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግረው ግን ጭጭ ይላል። እኔና ባለቤቴ ለእሱ ብለን ትንሽ ትንሽ ስናጠራቅም ቆይተናል። ለንደን ውስጥ የአራት ሳምንት የእረፍት ጊዜ ኮርስ አየን። ዋጋው ካጠራቀምነው እጥፍ ነው። ተበድረን እንላከው ወይስ ይቅር? ርካሽ የሚባሉትስ እምነት ይጣልባቸዋል?
— የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እባክዎ አይበደሩ። መልሴ ረዘም ስለሚል ይህን አስቀድሜ ልበል። ባጠራቀሙት ገንዘብ ልክ ልጅዎን የሚጠቅም ነገር ማግኘት ይቻላል። ምናልባትም ካዩት የተሻለ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። መግለጫው ላይ «በሳምንት 20 ትምህርት» የሚል ካለ አንዱ ትምህርት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። እንግዲህ 20 ትምህርት ማለት 15 ሰዓት ነው ማለት ነው። በአራት ሳምንት 60 ሰዓት ይሆናል። የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣው የቋንቋ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት። የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ በሚሰጠው ግምት ደግሞ ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለማለፍ ወደ 200 ሰዓት ገደማ በአስተማሪ የታገዘ ትምህርት ይጠይቃል። ስለዚህ «በአንድ ወር ደረጃው ከፍ ይላል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይመኑት። ሂሳቡ አይገጥምም።

ደግሞም ልጅዎ የጎደለው ደረጃ አይደለም። ሰዋስው ያውቃል ብለውኛል። የጎደለው አፉን እንዲከፍት የሚያስገድደው ነገር ነው። ያ ነገር ክፍል ውስጥ እምብዛም አይገኝም። የሚገኘው ከክፍል በኋላ፣ ከምሳ እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ነው። እኔ አንድን ፕሮግራም የምመዝነው በዚያ ሰዓት ልጁ ከማን ጋር፣ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ አይቼ ነው። የከተማው ስም፣ የሕንፃው ውበት፣ የሽርሽሩ ብዛት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ላሳይዎት። ይዣቸው ከሄድኳቸው መካከል ልክ እንደ ልጅዎ ጭጭ የሚል ልጅ ነበር። ያረፈው እንግሊዝ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ነው። አብሮት አንድ ክፍል የሚተኛው ልጅ ቱርካዊ ነበር። ቱርካዊው መስኮት ካልተከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛው ልጅ ብርድ አይችልም። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተነስቶ ይዘጋል። ቃል የለም። ከዚያ የእኛው ልጅ «ኮልድ» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ «አይ አም ኮልድ»። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት አግኝቼ ስጠይቀው ተስማምተው ነበር። መስኮቱ ግማሽ ብቻ ይከፈታል። ቱርካዊው ከቤቱ እመቤት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቅለታል። አልጋ ደግሞ ይቀያየራሉ። ይህን ሁሉ የተደራደሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ «ኢፍ» እያሉ፣ «ቢኮዝ» እያሉ። ልጁ እነዚህን ቃላት በደብተሩ ሲጽፋቸው ኖሯል። ከአፉ የወጡት ግን ብርዱ ሲብስበት ነው።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። ስሙ የገነነ ቦታ፣ የሚያምር የተማሪዎች ማደሪያ፣ ትልቅ ሜዳ። ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከአፍታ በፊት ሁለት ሁለት ሆነው በእንግሊዝኛ ሲጠያየቁ የነበሩት ልጆች በሩን እንዳለፉ በየአገራቸው ተቧደኑ። ጣሊያኖቹ ወደ አንድ ጥግ፣ ስፔኖቹ ወደ ሌላው። እስከ ማታ በየራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ዋሉ። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ደክሟቸዋል፣ ከቤት ርቀዋል፣ የሚገባቸውን ሰው ፈለጉ። ወላጆቻቸው ግን ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉት ለዚህ አልነበረም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ሲያነጋግሩ ከዋጋው በፊት ይህን ይጠይቁ። በዚያ ሳምንት የልጄን ቋንቋ የሚናገሩ ስንት ተማሪዎች ይኖራሉ? አንድ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ስንት ልጅ ነው? አንድ ቤት ውስጥ ቋንቋቸው አንድ የሆኑ ልጆችን ታሳርፋላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሥራውን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ያለፈውን ዓመት የተማሪ ስብጥር ወዲያው አውጥቶ ይሰጥዎታል። የሚያድበሰብስዎትን ትተው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለንደን የሚወደደው እንግሊዝኛው ስለሚበልጥ አይደለም። ቤቱ፣ ትራንስፖርቱ፣ ምግቡ ስለሚወደድ ነው። በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ያሉት ቦርንመዝ፣ ኢስትቦርን፣ ሄስቲንግስና ቶርኪ የውጭ ተማሪ መቀበል የለመዱ ከተሞች ናቸው። ትንንሽ ስለሆኑ ልጁ በእግሩ ወይም በአንድ አውቶቡስ ክፍሉ ይደርሳል። ይሄ ለወላጅ ትልቅ እረፍት ነው። ወደ አየርላንድ ካሰቡም ከደብሊን ይልቅ ኮርክን ወይም ሊምሪክን ይመልከቱ።

«ርካሽ እምነት ይጣልበታል ወይ?» ላሉት፣ እምነት የሚጣለው በዋጋው ሳይሆን በቁጥጥሩ ላይ ነው። ብሪታንያ ውስጥ አክሪዲቴሽን ዩኬ የሚባል ሥርዓት አለ። የሚያካሂዱት ብሪቲሽ ካውንስልና ኢንግሊሽ ዩኬ የተባለው የትምህርት ቤቶቹ ማኅበር ናቸው። ተቆጣጣሪዎች በየአራት ዓመቱ ሙሉ ፍተሻ ያደርጋሉ። ውጤቱን ብሪቲሽ ካውንስል በይፋ ስለሚያወጣው ማንም ማንበብ ይችላል። እርስዎም ያንብቡት። በተለይ ከ18 ዓመት በታች ስላሉ ተማሪዎች እንክብካቤ የሚናገረውን ክፍል። ትልቁ የለንደን ትምህርት ቤትም ትንሹ የቶርኪ ትምህርት ቤትም የሚፈተሹት በአንድ ሚዛን ነው። ዕውቅናው የሌለው ትምህርት ቤት የቱንም ያህል ቢረክስ ልጅ አይላክበትም።

አራት ሳምንቱን ደግሞ ይቀንሱት። ሦስት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሁለትም አይከፋም። የመጀመሪያው ሳምንት በድካምና በናፍቆት ያልፋል። ሁለተኛው ላይ ልጁ መሳቅ ይጀምራል። አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። በእንግሊዝ ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የቅርብ ዘመዱ ካልሆነ ሰው ቤት 28 ቀንና ከዚያ በላይ ከተቀመጠ እንደ ግል አደራ ይቆጠራል፤ ለአካባቢው ምክር ቤትም ማሳወቅ ግዴታ ነው። አራት ሳምንት ማለት ደግሞ ልክ 28 ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ከሆነ ገንዘቡም ይተርፋል፣ ይሄ ጣጣም የለም።

ማረፊያው ቤተሰብ ዘንድ ይሁን። ብዙ ጊዜ ከተማሪ ማደሪያ ይረክሳል። ለእንደ ልጅዎ ዓይነቱ ደግሞ በጣም ይሻላል። እመቤቲቱ ራት ላይ «ዛሬ ምን አደረግክ?» ስትለው ዝም ማለት አይችልም። የቤቱ አዋቂዎች የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ማለፋቸውን ይጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ ዲቢኤስ ይባላል፤ አየርላንድ ውስጥ የሚያጣራው ጋርዳ የተባለው ፖሊስ ነው። ልጁ ማታ ስንት ሰዓት ቤት መግባት እንዳለበት፣ ምሳ ማን እንደሚያቀርብለት፣ ልብሱ የት እንደሚታጠብም ይጠይቁ። እነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ይመስላሉ። ልጅ የሚያለቅሰው ግን በእነዚህ ነው።

በመጨረሻም መግለጫው ላይ በደማቁ የተጻፈው ዋጋ ሙሉው ዋጋ አይደለም። የመመዝገቢያ፣ ማረፊያ የማፈላለጊያ፣ የመጽሐፍ፣ ከአየር ማረፊያ የመቀበያና የመሸኛ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ ተማሪ በሚበዛባቸው ወራት ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ የሚባል አለ። ልጁ ብቻውን የሚበር ከሆነ አየር መንገዱም ለአጃቢ አገልግሎት በየጉዞው ያስከፍላል። ከስንት ዓመት በታች ግዴታ እንደሆነ ከአየር መንገዱ ይጠይቁ፤ ይለያያል። «ሁሉንም አጠቃሎ ስንት ነው?» ብለው አንድ ቁጥር ያስጽፏቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት ትምህርት ቤት ማወዳደር የሚቻለው። ቀኑ ከተመቸዎት ደግሞ ከጁላይ አጋማሽ ይሽሹ። ያኔ ትልልቅ ቡድኖች በአንድ ላይ ይጎርፋሉ። በጁን መጨረሻ ወይም በኦገስት መጨረሻ ቦታውም ይቀላል፣ ልጁም በአንድ አገር ልጆች አይዋጥም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 15 ዓመቷ ነው። እውነቱን ለመናገር ለቋንቋ ትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብ የለንም። የአውሮፕላን ቲኬት ግን እንደምንም እንችላለን። እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን ነገር አለ? ወይስ ሕልም ብቻ ነው?
— አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕልም አይደለም። እንዲያውም ገንዘብ ላለውም ቢሆን አንዳንዴ የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው።

እንግሊዝኛ የሚማሩበትን ቦታ መፈለግ ትተው እንግሊዝኛ የሚሠሩበትን ቦታ ይፈልጉ። የተለያየ አገር ልጆች ለአንድ ሥራ የሚሰበሰቡበት ቦታ ካለ መግባቢያቸው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። አስተማሪ የለም፣ የክፍል ክፍያም የለም።

አንዱ የበጎ ፈቃድ ካምፕ ነው። ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ፒየር ሴሬሶል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ በቨርደን አቅራቢያ የፈረሰ መንደር ለመጠገን ከተለያየ አገር ሰዎች ሰበሰበ፤ ትናንት ሲዋጉ ከነበሩት አገሮች ጭምር። ዛሬም እንዲህ ዓይነት ካምፖች በብዙ አገር አሉ። ብዙዎቹ ለአዋቂ ቢሆኑም ከ18 ዓመት በታች ላሉ ብቻ የሚዘጋጁም አሉ። ልጆቹ አጥር ይቀባሉ፣ የጫካ መንገድ ያጸዳሉ፣ ለሕፃናት ጨዋታ ያዘጋጃሉ። የሚከፈለው የመሳተፊያ ገንዘብ ከቋንቋ ትምህርት ቤት ጋር የሚወዳደር አይደለም። መኝታና ምግብ ካምፑ ይችላል።

ከተማሪዎቼ አንዷ እንዲህ ካለ ካምፕ ስትመለስ በብዛት ያወራችልኝ ስለ ወጥ ቤቱ ነበር። የምግብ ሥራ በተራ ነው። የእሷ ተራ ከአንዲት ቼክ ልጅ ጋር ደረሰ። ለካምፑ ሁሉ ፓስታ ሊያበስሉ ነው። አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ ምድጃ። አንዷ ውኃው ሳይፈላ እንክተት ትላለች፣ ሌላዋ አይሆንም ትላለች። አንድ ሥጋ የማይበላ ልጅ አለ፣ ለሌላው ደግሞ ወተት አይስማማውም። ይህን ሁሉ እየጠየቁ መመዝገብ ነበረባቸው። «ቲቸር፣ የሰዋስው ስህተት ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም» አለችኝ። ይቺ ልጅ ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ሁለተኛው ሲአይኤስቪ የተባለው የልጆችና የወጣቶች ዓለም አቀፍ ካምፕ አዘጋጅ ድርጅት ነው። ዶሪስ አለን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያቋቋሙት ሲሆን የመጀመሪያው ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲንሲናቲ ውስጥ ተካሂዷል። ያኔ የመጡት የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። አሁን ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጆች ስቴፕ አፕ የሚባል የሦስት ሳምንት ገደማ ካምፕ አለው። ልጆቹ ከየአገሩ በትንንሽ ቡድን ሆነው ከአንድ አዋቂ መሪ ጋር ይመጣሉ፤ የጋራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለልጅዎ ዕድሜ ልክ ነው።

ሦስተኛው ሮታሪ የተባለው የበጎ አድራጎት ክለብ የሚያዘጋጀው የአጭር ጊዜ የወጣቶች ልውውጥ ነው። ወላጅ የሮታሪ አባል መሆን አይጠበቅበትም። ተቀባዩ ቤተሰብ መኝታና ምግብ በነፃ ይሰጣል። እርስዎ የሚከፍሉት ቲኬት፣ ኢንሹራንስና የቪዛ ወጪ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልውውጡ የእውነት ልውውጥ ነው። የእነሱ ልጅ በተራው እርስዎ ቤት ይመጣል። ይህን ቀድመው ከቤተሰብ ጋር ይምከሩበት። እኔ ከጥቅሙ እቆጥረዋለሁ፤ እንግዳው ልጅ እርስዎ ቤት በሚቀመጥበት ጊዜ ታናሹም እንግሊዝኛ ይናገራል። የላየንስ ክለብም ተመሳሳይ የወጣቶች ካምፕና ልውውጥ አለው። አውሮፓ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ለሚኖሩ ደግሞ ኢራስመስ ፕላስ የወጣቶች ልውውጥ አለ። ዕድሜው ከ13 እስከ 30፣ ቆይታው ከ5 እስከ 21 ቀን ነው። ዋናውን ወጪ የአውሮፓ ኅብረት ይሸፍናል። ማመልከቻው የሚገባው በግል ሳይሆን በወጣት ማኅበር በኩል ነው።

አንድ ነገር አደራ። እነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋሉ። የትምህርት ቤት መዝጊያ ደርሶ የሚጠይቅ ሰው «ሞልቷል» ይባላል። ዘንድሮ ካልደረሰላት ለሚቀጥለው ዓመት ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ያለውን ክለብ ወይም ቅርንጫፍ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ልጄን ማልታ ወይም ፊሊፒንስ መላክ ይረክሳል ብለውኛል። እዚያ ተምራ አነጋገሯ ቢበላሽስ?
— ስሜ ይቆይ

መልስ፦ አይበላሽም። ይህ ፍርሃት ብዙ ቤተሰብን ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣል።

ማልታ ከብሪታንያ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እንግሊዝኛ ከማልታ ቋንቋ ጋር እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤቶቿ በመንግሥት ፈቃድ ነው የሚሠሩት። ፈቃዱን ያሳዩኝ ማለት መብትዎ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ቤተሰቡ ራት ላይ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወራ ይጠይቁ፤ እርስ በርሳቸው በማልታ ቋንቋ የሚያወሩ ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሴንት ጁሊያንስ አካባቢ ፓቼቪል የሚባለው ሰፈር የጭፈራ ቤት ሰፈር ነው። ለወጣት ልጅ ከዚያ ራቅ ያለ ማረፊያ ይምረጡ። ጎዞ ደሴት ጸጥ ያለ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ ሴቡና ባጊዮ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች አንድ ለአንድ በማስተማር ይታወቃሉ። ይህን ያህል ሰዓት አንድ አስተማሪ ለብቻ ማግኘት ሌላ ቦታ ኪስ ይጎዳል። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ልዩ የትምህርት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ያወጣልዎታል። ዕድሜዋ ከ15 በታች ከሆነ ግን ያለ ወላጅ ለመግባት ከኢሚግሬሽን የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

በሦስት ሳምንት የማንም ልጅ አነጋገር አይቀየርም። የሚቀየረው ድፍረቷ ነው። ድፍረት ደግሞ የትም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ኤጀንት በኩል ልሂድ ወይስ በራሴ? ቪዛውስ እንዴት ነው? ልጃችን 16 ዓመቷ ነው፤ ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ነው ያላት።
— ቸኮልኩ

መልስ፦ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያወጣውን የዋጋ ዝርዝር በእጅዎ ያስገቡ። ከዚያ ኤጀንቱ የሰጠዎትን ያስተያዩ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ለኤጀንት ኮሚሽን የሚከፍለው ከራሱ ነው። ስለዚህ በኤጀንት ስለሄዱ ዋጋው ብዙ መጨመር የለበትም። ወረቀት ማሟላት ለሚከብደው ሰው ጥሩ ኤጀንት ያግዛል። «ቪዛ በእርግጠኝነት አስገኛለሁ» የሚልዎትን ግን ወዲያው ይተዉት። ያን ቃል መስጠት የሚችል ሰው የለም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቪዛ ቢከለከል ስንቱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይያዙ። የመመዝገቢያው ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ የትምህርቱና የማረፊያው ግን መመለስ አለበት።

ማልታ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ውስጥ ናት። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር። ለልጅዎ ዕድሜ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ብሪታንያ በጎብኚ ቪዛ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት እስከ 6 ወር መማር ይቻላል፤ ማመልከቻው የሚገባው ከጉዞው በፊት ባሉት 3 ወራት ውስጥ ነው። አየርላንድ በሸንገንም ሆነ በብሪታንያ ሥር አይደለችም። የራሷ ቪዛ አላት።

የትም ብትሄድ ከሁለታችሁም ወላጆች የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ደብዳቤው ላይ የት እንደምታርፍ፣ ማን እንደሚቀበላት፣ ስልኩ ጭምር ይጻፍ። አንድ ቅጂ ሻንጣዋ ውስጥ ሳይሆን በእጇ በምትይዘው ቦርሳ ይሁን፤ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ሲጠይቃት ሻንጣዋ ገና አልወረደም።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። 16 ዓመቴ ነው። ማልታ ለሁለት ሳምንት ልሄድ ነው። ደስ ብሎኛል ግን በጣም ፈርቻለሁ። ጓደኛዬም አብራኝ ትመጣለች። አንድ ቤት እንድንሆን ጠይቀናል። እናቴ ግን ቲቸርን ጠይቂ አለችኝ።
— የምትፈራዋ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መፍራትሽ ጤነኛ ነገር ነው። አብረውሽ ከሚሄዱት አብዛኞቹ ይፈራሉ። የማይናገሩት ስለሚያፍሩ ነው።

ስለ ጓደኛሽ እናትሽ የጠረጠረችው ልክ ነው። አንድ ከተማ ሁኑ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሁኑ፣ አንድ ቤት ግን አትሁኑ። ቢቻል አንድ ክፍልም አትሁኑ። ከሰዓት በኋላ ተገናኙ። ስትገናኙ ደግሞ ሌላ አገር ልጅ ይዛችሁ ኑ። ሦስተኛ ሰው ካለ ወደ ራሳችሁ ቋንቋ መመለስ ነውር ስለሚሆንባችሁ እንግሊዝኛ ታወራላችሁ። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ግን የቱንም ያህል ብትማማሉ አይሆንላችሁም።

ከመሄድሽ በፊት በየቀኑ ትንሽ ጊዜ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ክፍልሽን ዝጊና ስለ ቀኑ ለራስሽ አውሪ። አዲስ ቃል አታሳድጂ። የምታውቂው ይበቃሻል። በቃልሽ የምትይዣቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይኑሩ፤ «አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ»፣ «ይህን በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ?»፣ «ይህን መብላት አልችልም፣ ይቅርታ»፣ «ጠፍቶብኛል፣ ይህ አድራሻ የት ነው?»። እነዚህን እንቅልፍ ውስጥ ብትጠየቂ መመለስ እስክትችይ ድረስ ደጋግሚያቸው። ሲደነግጡ የሚወጣው የተደጋገመው ነው።

ቤቱ ስትደርሺ ክፍልሽ ገብተሽ በር አትዝጊ። ራት ሲቀርብ ሳሕን አቀራርቢ፤ ሲበላ አጣጥቢ። ወጥ ቤት ውስጥ እጅሽ ሥራ ይዞ ስታወሪ አፍሽ ይፈታል፣ የሚያይሽም የለም። እመቤቲቱ ስለ ልጆቿ እንድታወራ ጠይቂያት። ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ ረጅም ያወራል። አንቺ እየሰማሽ «እና ከዚያስ?» ብቻ ብትይ ይበቃል።

ስልክ ላይ ከእናትሽ ጋር ተስማሙ። በቀን አንዴ፣ ማታ፣ የተወሰነ ሰዓት ላይ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ጋር የምትጻጻፊ ከሆነ ማልታ ሳትደርሺ ሁለቱ ሳምንት ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድሽ ይብስሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ለእናትሽ «ውሰጂኝ» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ከትምህርት ቤቱ የተማሪ ተጠሪ ጋር ተነጋገሪ። ይህ ሥራቸው ነው። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው እንድትሳቀቂ የሚያደርግ ነገር ካደረገ ወይም ከተናገረ ይህ ናፍቆት አይደለም። ያኔውኑ ለተጠሪውም ለእናትሽም ደውይ። ሰዓቱ የፈለገውን ይሁን። ቤት መቀየር መብትሽ ነው፤ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ የለብሽም። የትምህርት ቤቱን የ24 ሰዓት ስልክ ወረቀት ላይም ጻፊው፤ የስልክሽ ባትሪ ሲያልቅ ነው የሚያስፈልግሽ።

ለትምህርት ቤቱ ደግሞ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። «ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ብለን ነበር፤ አሁን የተለያየ ቤት እንፈልጋለን፤ አብራኝ የምትሆነው ልጅ ከሌላ አገር ብትሆን ደስ ይለኛል» በይ። ራስሽ ጻፊው፣ በእንግሊዝኛ፣ እናትሽም አታርመው። የቤት ድልድሉ ካለቀ በኋላ መቀየር ስለሚያስቸግራቸው አታዘግዪው።